አገልግል የሁላችን ነው፤ የእርስዎ አገልግል ግን የእርስዎ ነው

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር ባሕር ዳር አገልግል እንሠራለን። እኔ እሰፋለሁ፣ እሱ በቆዳ ይለብጣል። ባለፈው ኅዳር ላይ አዲስ ዓይነት አወጣን፤ ታቹ ጠፍጣፋ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ በትከሻ የሚነገት ነው። ክዳኑም በጠፍር አይታሰርም፤ ባለቤቴ በፈለሰፈው፣ በሩብ ዙር በሚቆለፍ የእንጨት ቁልፍ ይዘጋል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቅዳሜ ገበያ ላይ ሸጥን፤ ለጥምቀት ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ስናወጣ ትእዛዝ ጎረፈልን። አንድ የአዲስ አበባ ባለሱቅ ለናሙና ብሎ አራት ወሰደ፤ ወረቀት አልተጻጻፍንም። አሁን ያው ቅርጽ ከነቁልፉ በላስቲክ ቆዳ ተለብጦ በግማሽ ዋጋ በየሱቁ ይሸጣል፤ የሚያስተዋውቁትም በእኛው ፎቶ ነው። ንግድ ፈቃድ አለን። ስንናገራቸው ‹አገልግል የአባትሽ ነው?› ይሉኛል። ፓተንት እናውጣ? ወይስ አልፎበታል?»

መልስ፦ እህቴ፣ አላለፈበትም። ጊዜው ግን እርስዎ ከሚያስቡት ያጠረ ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ሁሉ በፊት ስለ ቀኑ ልንገርዎ።

የአንድ ዕቃ መልክ በሕግ የሚጠበቀው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ሲሆን፣ አዋጁ «ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ» ይለዋል። ንድፉ ለመመዝገብ አዲስ መሆን አለበት። አዲስነቱ የሚለካው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው፤ ዋና ዋና መለያዎቹ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ለሕዝብ ከተገለጡ ከአንድ ዓመት በላይ ካለፋቸው ንድፉ አዲስ መባሉ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ዓመት የሚቆጥረው ፎቶው ከወጣበት ቀን ነው። እርስዎም «በጥምቀት ካወጣነው እስከ ጥር ጊዜ አለን» ብለው አስበው ይሆናል። ነገር ግን ገበያ መሃል ዘርግቶ መሸጥም መግለጥ ነው። ዓመቱ መቆጠር የጀመረው ቅዳሜ ገበያ ላይ የመጀመሪያዋ አገልግል ለዕይታ ከቀረበችበት ቀን አንሥቶ ነው። አሁን ነሐሴ ላይ ነን፤ ኅዳር ሲመጣ ይሞላል። ከባለሱቁ ጋር መካሰሱ ሊቆይ ይችላል፤ ማመልከቻው አይቆይም።

አሁን «አገልግል የአባትሽ ነው?» ወዳሉት ልምጣ። ይህች ንግግር ብዙ ባለሙያ አፍ የምታስይዘው ግማሿ እውነት ስለሆነች ነው። አገልግል የማንም አይደለም። ስንደዶውና አክርማው፣ የፍየል ቆዳ ልብጡ፣ ክዳኑ፣ ጠፍሩ ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ እርስዎም ሆኑ ባለሱቁ አዲስ ነው ብላችሁ ልታስመዘግቡት አትችሉም። ይህን ደንብ በክፉ አይዩት፤ ለእርስዎም ጠባቂ ነው። ነገ አንድ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ተነሥቶ «አገልግል በስሜ ተመዝግቧል፣ የባሕር ዳር ሰፊዎች ሁሉ ክፈሉኝ» ቢል የሚያቆመው ይኸው ደንብ ነው።

ጎጃም ጤፍ አብቃይ ስለሆነ በጤፍ የደረሰው ለአብነት ይበቃል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ፈርሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፣ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ አለፈ። በኋላ ባለፓተንቱ እዚያው ሆላንድ ውስጥ ሌላ ድርጅትን «መብቴን ነክተሃል» ብሎ ሲከስ፣ ተከሳሹ «ይህ መጀመሪያውኑ ፈጠራ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። የሔግ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 ለተከሳሹ ፈረደ፤ ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት የለውም ተብሎ በዚያ አገር ውድቅ ሆነ። ሕዝብ ከሚያውቀው ነገር ላይ በእውነት ያልጨመረ ሰው የሚይዘው መብት ክርክር ሲመጣበት አይጸናም።

የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ የሚለየው ስለጨመራችሁበት ነው። ባለሱቁ የቀዳው የአያቶቻችንን አገልግል አይደለም፤ የአያቶቻችንን ከፈለገ ገበያው ሞልቶታል፣ ማንም አይከለክለውም ነበር። የመረጠው የእናንተን ወገብ፣ የእናንተን ታች፣ የእናንተን ቁልፍ ነው። ስለዚህ ደግመው «የአባትሽ ነው?» ሲልዎት የሚመልሱለት «አገልግሉን አልጠየቅሁህም፤ ይህን ቅርጽና ይህን ቁልፍ ከየት አመጣኸው?» ብለው ነው። ፍርድ ቤትም ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

«ፓተንት እናውጣ?» ላሉት፣ በአንድ አገልግል ላይ ያሉት ነገሮች በተለያየ በር ነው የሚገቡት። ቅርጹ በንድፍ ይመዘገባል። ቁልፉ ግን መልክ አይደለም፤ ሥራ የሚሠራ ነገር ነው። አዋጁ ቴክኒካዊ ውጤት ለማስገኘት ብቻ የሚያገለግልን ነገር በንድፍነት አይጠብቅም። ለቁልፉ የሚስማማው «አነስተኛ ፈጠራ» የተባለው ነው፤ የሚሰጠውም የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይባላል። ፓተንት ከዚህ ከፍ ያለ ነው፤ በዓለም ደረጃ አዲስ መሆንንና በሙያው ላለ ሰው ግልጽ ያልሆነ የፈጠራ እርምጃን ይጠይቃል። አነስተኛ ፈጠራ አዲስነቱና በሥራ ላይ መዋል መቻሉ ይበቃዋል። በሩብ ዙር የሚቆለፍ ነገር በሌላ ዕቃ ላይ በዓለም ስላለ ፓተንት ብትጠይቁ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም ታባክናላችሁ ብዬ እፈራለሁ። የግልጋሎት ሞዴሉን ግን መሞከር አለባችሁ። ለቁልፉ ከላይ ባልኩት አንድ ዓመት አይተማመኑ፤ እሱ የንድፍ ደንብ ነው፤ የቁልፉ ማመልከቻ በዚህ ወር ቢገባ ይመረጣል።

ዘመናቸውም ይለያያል። ፓተንት 15 ዓመት ነው፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ይጨመርለታል። የግልጋሎት ሞዴል 5 ዓመት ሆኖ አንድ ጊዜ ለ5 ይታደሳል። ንድፍ 5 ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ለየ5 ዓመት ይራዘማል፤ በድምሩ 15 ዓመት። ለማራዘም ንድፉ በኢትዮጵያ ውስጥ እየተሠራበት መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል፤ የሽያጭ ደረሰኝ የማስቀመጥ ልማድ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል።

የማመልከቻው አጻጻፍ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ባለሙያ የሚጎዳው እዚህ ነውና። ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ለንድፉ የምታቀርቡት ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ራሱ የመብታችሁ አጥር ነው፤ በሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር በኋላ «ይህም የእኔ ነበር» ቢባል አይሰማም። ስለዚህ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁለቱ ጎን፣ ከላይና ከታች፣ አንድም ጊዜ ደግሞ ሰያፍ ሆኖ ይታይ። ጀርባው ግድግዳ ወይም የቤት ዕቃ የሚታይበት ፎቶ አይሁን። ለገበያ ያነሣችሁትን በቀይና በአረንጓዴ ስፌት ያጌጠውን ፎቶ ብቻ ካስገባችሁ፣ ቀጂው ቀለሙንና ጌጡን ለውጦ «ይህ ሌላ ነው» ማለት ይቀለዋል። የእናንተ ሀብት ወገቡና ታቹ ከሆነ፣ ቅርጹን በጥቁር መስመር ብቻ የሚያሳይ ንጹሕ ሥዕል ይሠራ። ሥዕል የሚችል ሰው በባሕር ዳር አይጠፋም፤ በዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ የዲዛይን ተማሪዎችም ይህን ሥራ ያውቁታል። ለሚሥለው ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሥራው የእናንተ መሆኑንና ለሌላ እንደማያሳይ የምትፈራረሙባት አንዲት ገጽ ትኑር።

የቁልፉ ማመልከቻ ደግሞ በቃላት ነው የሚታጠረው። መግለጫውና የመብት ጥያቄው፣ ማለትም «ይህ ይጠበቅልን» የምትሉበት፣ የሚባለው ክፍል አለው። ባለቤትዎ ቁልፉን ለጸሐፊ ሲያስረዱ የሚሠሩበትን ዕቃ መናገር ይቀናቸው ይሆናል፤ «ከወይራ እንጨት የተጠረበ፣ በናስ ቀለበት የሚገባ» ይላሉ። እንዲህ ተጽፎ ከጸደቀ ቀጂው ነገ ከፕላስቲክ ሠርቶት ነፃ ይወጣል። መጻፍ ያለበት የሚሠራበት መንገድ ነው፤ በክዳኑ ላይ ያለ ምላስ ሩብ ዙር ሲዞር በአካሉ ላይ ካለ ከንፈር ሥር ገብቶ ክዳኑን ወደ ታች እንዲጫን የሚያደርግ ቁልፍ፣ ከምንም ይሠራ ከምን። ከዚያ በታች «በተለይ ከእንጨት ሲሠራ» ተብሎ ይከተላል። ሰፊው ከላይ፣ ጠባቡ ከሥር ይሁን። ሰፊው በክርክር ቢወድቅ እንኳ ጠባቡ ይተርፋችኋልና።

ንግድ ፈቃድ እንዳላችሁ ጽፈዋል። ጥሩ ነው፣ ግን ለዚህ ክርክር አያገለግልም። ንግድ ፈቃድ የመነገድ ፈቃድ ነው፤ የሠራችሁት ነገር የእናንተ ፈጠራ ለመሆኑ አይመሰክርም። በንግድ መዝገብ የገባ የንግድ ስምም እንዲሁ የንግድ ምልክት አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርገው ዓመታት ተቀምጠው ስማቸው በሌላ ሰው ምልክትነት የተመዘገበባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል።

ስለዚህ ስም አውጡለት። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ለ7 ዓመት ይሰጣል፣ እየታደሰም ባለቤቱ እስከፈለገ ድረስ ይቀጥላል። «አገልግል» ብቻውን አይሆንም፣ የዕቃው መጠሪያ ነውና፤ «ባሕር ዳር» ወይም «ጎጃም» ብቻውንም የቦታ ስም ስለሆነ ያስቸግራል። የራሳችሁ የሆነ፣ ሌላ ሰፊ የማይጠራበት ስም ይሁን፤ ከቆዳው ውስጠኛ ገጽ ላይም በጋለ ብረት ይታተም። የንድፍ መብት በ15 ዓመት ያበቃል፣ ምልክት ግን ከልጆቻችሁ ጋር ይኖራል። በእኔ ፍርድ ለእንደ እናንተ ዓይነት ቤት ከሁሉም የሚያተርፈው ይህ ነው፤ ብዙዎች ደግሞ በመጨረሻ የሚያስቡት ይህንኑ ነው።

ምክንያቱ ስንፍና አይመስለኝም። በአገራችን ባለእጅ ሥራው እየተፈለገ ራሱ ሲናቅ የኖረ ሰው ነው። ቆዳ የሚያለፋው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው በጎጃምም በሌላውም አገር በስድብ ስም ይጠራ ነበር፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። እንዲህ የኖረ ሰው በሥራው ላይ ስሙን ሊያትም አልደፈረም፤ ዕቃው ባለቤት የሌለው ይመስል ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ኖረ። ዛሬ «የአባትሽ ነው?» የሚል ነጋዴ የሚናገረው ያንኑ አሮጌ ንቀት ነው፤ ይህ ንግግር በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ባለቤትዎ የእጃቸውን ሥራ ስም ሰጥተው ቢያትሙበት ደስታዬ ወሰን የለውም።

ከባሕር ዳር ሌሎች አገልግል ሠሪዎች ጋር መሰባሰብ ከፈለጋችሁም የንግድ ምልክቱ አዋጅ መንገድ አለው። አንድ ማኅበር አባላቱ ሁሉ የሚጠቀሙበትን የጋራ የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ይችላል፤ ቆዳው እውነተኛ ቆዳ፣ ስፌቱ የእጅ ስፌት መሆኑን ማኅበሩ ይቆጣጠራል። ኢትዮጵያም የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ቡና ስም በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥታ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ከተፋጠጠች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ስምምነት ደርሳለች። ይህ ግን ጊዜ የሚወስድ ነው፤ ከኅዳሩ ጉዳይ ጋር አታደባልቁት።

ፎቶው ከሁሉ ይቀላል። ፎቶግራፍ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለምንም ምዝገባ ይጠበቃል፤ ሆኖም ያነሣው ሰው ስምና አድራሻ የሠፈረበት፣ ወይም በስብስብ ወይም በመጽሐፍ የወጣ ሊሆን ይገባል፤ ዘመኑ ከተነሣበት ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ለእንዲህ ያለ አቤቱታ መቀበያ አላቸው፤ ዋናውን ፋይል ከስልካችሁ ሳታጠፉ፣ መጀመሪያ ያወጣችሁበትን ገጽና እነሱ የለጠፉበትን ገጽ ቀኑ እየታየ አንሥታችሁ አቅርቡ። ፎቶውን ያነሣው ሌላ ሰው ከሆነ ግን መብቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ተነጋገሩበት። ማስታወቂያቸው በዚህ ብቻ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ገበያቸው ደግሞ ማስታወቂያው ነው።

ወደ ባለሱቁ ስንመጣ፣ መጀመሪያ አይጩኹ። በፌስቡክ ስሙን ጠርታችሁ «ሌባ» ካላችሁት በስም ማጥፋት ሊከሳችሁ ይችላል፤ ተበዳዮች ሆናችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ይልቅ የሚታመን ሰው ሄዶ ከሱቁ አንድ ቅጂ በደረሰኝ ይግዛ። ደረሰኝ እንቢ ካለ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፣ አብሮ የሚያይ ሁለተኛ ሰው ይኑር። ናሙናዎቹን ሲወስድ የተላላካችሁት መልእክት፣ የድምፅ መልእክትም ቢሆን፣ ይቀመጥ፤ ዕቃው በመናኸሪያ ከተላከ የመላኪያው ወረቀት ይፈለግ። ወረቀት አልተጻጻፍንም ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ «ናሙና ልየው» የሚል አንድ የቴሌግራም መስመር ዕቃውን ከእናንተ እንዳገኘው ያሳያል።

ምዝገባው ሳይጨርስም የምትሉት አላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በሌላ ነጋዴ ዕቃ ላይ መደናገር የሚፈጥር ሥራን ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር ብሎ ይከለክላል። በእናንተ ፎቶ እያስተዋወቀ የላስቲክ ቆዳ የሚሸጥ ሰው ገዢውን ማደናገሩ ግልጽ ነው። ምስክር ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ እግድ እንዲሰጥና ካሣ እንዲወሰን መጠየቅ ይቻላል፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 720 ንድፍንና ምልክትን ሆን ብሎ መጣስን ያስቀጣል። የአእምሯዊ ንብረት ክርክር የፌዴራል ጉዳይ በመሆኑ በክልሉ የትኛው ፍርድ ቤት በውክልና እንደሚያየው ጠበቃችሁ መጀመሪያ ያጣራ፤ በተሳሳተ ችሎት የገባ መዝገብ ወራት ይበላል።

ሃያ ሱቅ መክሰስ አትችሉም፤ አትሞክሩትም። የሚሠራውን ፈልጉ። የላስቲክ ቆዳ አገልግል የሚሰፋበት አንድ ወይም ሁለት ቦታ ነው የሚኖረው፤ ሱቆቹ ከዚያ ነው የሚያመጡት። እሱ ሲያዝ ሱቆቹ ባዶ ይቀራሉ። በመጀመሪያ በጠበቃ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍለት፤ በደብዳቤው ላይ ሁለተኛ መንገድም ይኑር፤ «በቆዳ፣ በእኛ ምልክት፣ በጽሑፍ ፈቃድ ሥራና ከእያንዳንዱ ይህን ያህል ክፈል» ይባል። ይህን የምለው በጉልበት ስለማንችለው አይደለም። ገበያ ያለው፣ ሠራተኛ ያለው ሰው በውል ከገባ ይጠቅማችኋል፤ እንቢ ካለም እንቢታው በክርክሩ ላይ ማስረጃ ነው። «ትንሽ ቀየር አድርጌዋለሁ» ቢል አትደንግጡ። ትንሽ መለወጥ ነፃ ያወጣል የሚለው በየገበያው የሚወራ ነው፤ አዋጁ የሚከለክለው በመሠረቱ የንድፉ ቅጂ የሆነውንም ነው።

ይህን ለሚያነቡ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በቆሎ መፈልፈያና ሌላ መሣሪያ ለምትሠሩ ወንድሞች አንድ ቃል ልጨምር። ባዛርና ኤግዚቢሽን ላይ ማሽናችሁን ከፍታችሁ ከማሳየታችሁ በፊት ማመልከቻው ይግባ። ዐውደ ርእዩ ላይ ሜትር ይዞ የሚለካውን ሰው አይታችሁታል። በሌላ በኩል መብት በየአገሩ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ያልተመዘገበን የውጭ ማሽን አይቶ እዚህ መሥራት በዚህ አዋጅ አይከለከልም፤ ያንን ግን የራሴ ፈጠራ ነው ብሎ ማስመዝገብ ሌላ ነገር ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ እርስዎ ያልጠየቁት ነው። በማመልከቻው ላይ ማን ይጻፍ? በብዙ ቤት የንግድ ፈቃዱ በማን ስም ከሆነ ማመልከቻውም በዚያው ስም ይሞላል፤ ይህ ትክክል አይደለም። አዋጁ መብቱን የሚሰጠው ለፈጠረው ሰው ነው፤ አብረው ከፈጠሩት የጋራ ነው። ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት ወገቡና ታቹ ከስፌቱ የመጣ፣ ማለትም የእርስዎ ሐሳብ ይመስላል፤ መነገቻውና ልብጡ የሁለታችሁ፤ ቁልፉ የባለቤትዎ። እንዲህ ከሆነ ንድፉ በሁለታችሁ ስም ይግባ፣ የቁልፉ ፈጣሪ ተብለው ባለቤትዎ ይጻፉ፣ የንግድ ምልክቱ በድርጅታችሁ ስም ይሁን። አብሯችሁ የሚሠራ ልጅ ካለና ቁልፉ አልገጥም ሲል «እንዲህ ብናደርገውስ?» ብሎ መፍትሔ ያመጣው እሱ ከሆነ፣ የእሱም ስም ይግባ፤ ድርሻው በጽሑፍ ይቀመጥ። ስሙ የተዘለለ ፈጣሪ ነገ ከቀጂው ጎን ቆሞ ሊመሰክርባችሁ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ግን እውነቱ ያ ስለሆነ ነው።